ስንቅና ሚሞሪ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ እትዬ ከመንዝ ደወሉልኝ። እትዬ በማታ ሲደውሉ ብዙ ጊዜ መርዶ ነው፤ ስለዚህ ስልኩን ያነሣሁት ደንግጬ ነበር። ሰዉም ከብቱም ደኅና መሆኑን፣ ውርጭ ባቄላውን እንደመታው ከነገሩኝ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «ይቺ ልጅ በግ ይሸጥልኝ ትላለች» አሉኝ።

ይቺ ልጅ የሚሏት የልጃቸው ልጅ ናት። 11ኛ ክፍል ደርሳለች። ትምህርት ቤቱ ያለው በወረዳው ከተማ ስለሆነ ከሁለት የሰፈሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ዓርብ ከሰዓት ሦስት ሰዓት ያህል በእግሯ ተጉዛ ቤቷ ትገባለች፤ እሑድ የሳምንቱን ስንቅ፣ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ተሸክማ ትመለሳለች። በመንዝ ይሁን በግሼ ራቤል ወይም በመርሐቤቴ፣ ከገጠር መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ሁሉ ይህን ኑሮ ያውቀዋል።

«በጉን ምን ልታደርገው ነው?» አልኳቸው።

«ስልክ ልትገዛበት። ስልኩም ብቻውን አይበቃም አለች፤ ሚሞሪ የሚባል ነገር ይገባበታል። እኛ ደግሞ የምንሰማው ስልክ የያዘች ልጅ ስትበላሽ ነው። አንተ ይሁን ካልክ ይሸጣል፤ ይቅር ካልክ ይቀራል።»

ደጋውን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እዚያ በግ ማለት ባንክ ነው። የማዳበሪያው፣ የሕክምናው፣ የተማሪዋ የቤት ኪራይ የሚወጣው ከእሱ ነው። «አንድ ሳምንት ስጡኝ» አልኳቸው። ዛሬ የምጽፍላችሁ በዚያ ሳምንት ሳወጣ ሳወርድ የሰነበትኩትን ነው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የምታስተምሩ ሁሉ ይህ ጥያቄ ቤታችሁ ሳይገባ አይቀርም ብዬ ነው።

መጀመሪያ ልጅቷን ራሷን አናገርኳት። «ጋሼ፣ ፈተናው በኮምፒውተር እየሆነ እኮ ነው» አለችኝ። «እኔ ማውስ ነክቼ አላውቅም። እንዴት አድርጌ ነው የምፈተነው?»

እውነቷን ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. በዚያ መንገድ የተፈተኑት ቁጥር ጨምሯል። ውጤቱንም ታውቁታላችሁ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ነበሩ። ከእነዚህም አብዛኞቹ የተፈተኑት በለመዱት ወረቀትና እርሳስ ነው። ነክታው በማታውቀው ዕቃ ፊት የምትቀመጥ የገጠር ልጅ ሒሳቡን ከመሥራቷ በፊት ቀስቷን ፍለጋ ስንት ደቂቃ እንደምታባክን አስቡት።

«ትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር የለም?»

«አለ። ክፍሉ ግን ይቆለፋል። የአይሲቲ መምህራችን ኪቦርዱን ሰሌዳ ላይ ሥሎ ነው ያስተማረን።»

ትምህርት ቤቱን አልጠራውም፤ ብቻውንም አይደለም። ንብረቱን ፈርሞ የተረከበው ሰው «አንዱ ቢጠፋ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» ይላል። መብራቱ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ዕቃ ያቃጥላል። ስለዚህ ለሰውዬው የሚሻለው ጨርቅ አልብሶ መቆለፍ ነው። አልፈርድበትም። ነገር ግን ለልጆች የመጣ ዕቃ ከልጆች ሲጠበቅ ኖሮ አንድም ሰው ሳይማርበት ያረጃል።

ይህን ስሰማ ፕላዝማ ትዝ አለኝ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማራችሁ አትረሱትም። በየትምህርት ቤቱ የሳተላይት መቀበያና ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገባ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ ለአገሪቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይለቀቅ ጀመር። ሐሳቡን ዛሬም አልጠላውም። የአዲስ አበባ ልጅና የራቤል ልጅ አንድ ጎበዝ መምህር ይኑራቸው ማለት ክፉ ሐሳብ አይደለም። ችግሩ ያ መምህር አይሰማም። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ያልፋል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ አፉን ይዞ ቢቀመጥም እሱ መልሱን ያመሰግናል። ዋናው መምህር ደግሞ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ለስክሪኑ ለቆ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ የቀረችው ጥቂት ደቂቃ ለማስረዳት አትበቃውም። መብራት ከጠፋ ያ ክፍለ ጊዜ አለፈ። ያኔ ትልቁ ልጄ 9ኛ ክፍል ነበር። ትምህርት እንዴት ነው ስለው የሚመልስልኝ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ሰውዬው ይሮጣል።»

ቀጥሎ ኮሮና መጣ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ተቀመጠ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ተላለፈ፤ በቴሌግራም የቤት ሥራ ይላክ ጀመር። እዚህ አዲስ አበባ ያሉት የልጅ ልጆቼ ሠርተው እናታቸው ማታ ፎቶ አንሥታ ትልክ ነበር። እትዬ ዘንድ ያሉት ከብት ጠበቁ። አንድ አገር፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ክፍል ነው።

ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋረጠ። በግጭቱ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። ያን ጊዜ ዳታ ጠፍቶ ከእትዬ ጋር በድምፅ ብቻ ስንገናኝ፣ የኦንላይን ትምህርት ለአገራችን መፍትሔ ነው የሚለውን ንግግር ስሰማ ይገርመኝ ነበር። በኔትወርክ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ትምህርት ኔትወርኩ በሄደ ቀን አብሮ ይሄዳል።

ይህን ግን ልጅቷ ከእኔ ቀድማ አውቃዋለች። ሚሞሪ ያለችው ለዚሁ ነው። የወረዳው ከተማ ውስጥ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች አሉ። አንድ ወጣት የባዮሎጂ መምህራቸው ኔትወርክ ደኅና በሆነበት ሌሊት ትምህርቶችን እያወረደ ላፕቶፑ ላይ ያጠራቅማል፤ ሚሞሪ ካርድ ላመጣለት ተማሪ በነፃ ይጭንለታል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ታትሞ ያልደረሰውን መጽሐፍ በፒዲኤፍ ያገኙት እንዲሁ ነው። ሚሞሪ ያለው ልጅ ይዞት አገሩ ይገባል፤ በግራም በቀኝም ኔትወርክ ባይኖር ይከፍተዋል። ከሌላው የሚለየው አቅጣጫው ብቻ ነው እንጂ ይህ ስንቅ ነው። ሽሮው ከገጠር ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ትምህርቱ ከከተማ ወደ ገጠር ይወጣል።

በሌላውም ዓለም ነገሩ የተጀመረው በዚሁ መጠን ነበር። ካን አካዳሚ የሚባለውን የልጅ ልጆቻችሁ ሳያውቁት አይቀርም። መሥራቹ ሳልማን ካን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2004 ሥራ ላይ እያለ፣ ሌላ ከተማ ለምትኖር የአጎቱ ቤተሰብ ልጅ ሒሳብ በስልክ ማስረዳት ጀመረ። ሌሎቹም የዘመድ ልጆች መጡበት። ለሁሉም ጊዜ ሲያጣ በ2006 ማብራሪያውን በቪዲዮ እየቀረጸ ዩቲዩብ ላይ አኖረው። ልጆቹ ታዲያ ከእሱ ይልቅ ቪዲዮውን ወደድነው አሉት፤ እያቆሙ፣ እየመለሱ ማየት ስለቻሉ፣ «ገባሽ?» እያለ የሚያሳፍራቸው ሰው ስለሌለ። ኋላ ላይ ሌሎች ሰዎች ያንኑ ትምህርት ኢንተርኔት በሌለበት የሚሠራ አደረጉት፤ ዛሬ ኮሊብሪ የሚባለው ሥርዓት ከዚያ የመጣ ነው። በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጊዜ ይጫናል፤ ያ ኮምፒውተር በትንሽ ዋይፋይ ለክፍሉ ስልኮች ሁሉ ያድላል፤ ዳታ አይበላም፤ ካርድ አይሞላም። ዊኪፒዲያንም ኪዊክስ በሚባል መንገድ እንዲሁ አውርዶ ማኖር ይቻላል። ካማራ የሚባል የአየርላንድ ድርጅትም ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን እያደሰ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሲያደርስ ቆይቷል። ስለዚህ ለደጋው የሚሆን ዕቃ የለም ማለት አንችልም።

እኔ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ብሆን (አልሆንም፤ ጡረታ ወጥቻለሁ) በአንድ ጊዜ ለሁሉም ትምህርት ቤት ታብሌት አላከፋፍልም ነበር። ያንን የባዮሎጂ መምህር እፈልገዋለሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ትንሽ የፀሐይ ኃይል፣ ሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ቅናሽ እሰጠውና «በአንድ ትምህርት ጀምር» እለዋለሁ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች አሉ፤ ድምፅ ማጉያ ሲሰካኩ የሚውሉ፣ ዕቃ የማይፈሩ። እነሱ ረዳቱ ይሆናሉ። የቆሎ ተማሪ አገር አይደለን? አንድ የኔታ ያን ሁሉ ደቀ መዝሙር የሚይዙት ያወቀው ላላወቀው ስለሚያስቀጽል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት ተሠርቶ፣ ምን እንደተሰበረ፣ የትኛው ትምህርት እንደተወደደ፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል መቀመጣቸው ታይቶ፣ ከዚያ ወደ ጉድኝት ትምህርት ቤቶቹ ይሂድ። ኋላም ሌላው ወረዳ መጥቶ ይይ። ፕላዝማ በአንድ ጊዜ በሁሉም ቦታ ገብቶ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ስሕተት ሠራ፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ቢጀምር ኖሮ ያ ጥግ ይዞ የቆመ መምህር ቶሎ ይታይ ነበር።

ቁልፉስ? ይህ ነው ከባዱ። በዚህ ላይ የአባቶቻችን ጓሳ ትዝ ይለኛል። የመንዝ ሰው ያንን ሰፊ የሣር ምድር ለዘመናት ያኖረው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነው። አባ ቀራ ይመረጣል፤ ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈታል፤ ቤት የሚከድን ይከድናል፤ ገሳ የሚሠራ ይሠራል፤ እንደገና ይዘጋል። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በዚህ ዘለቀ። ዛሬ በጓሳ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የሚታየው ሣሩ ስላለ ነው። የሚዘጋው ሊከፈት ነበር፤ ቀኑም ይታወቃል፤ የሚጠብቀውም ሕዝቡ የመረጠው ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ግን የሚከፈትበት ቀን የለውም፤ ዕዳውም በአንድ ሰው ደመወዝ ላይ ነው። ወላጅ ዕዳውን ቢጋራ ሰውዬው ለምን ይቆልፋል?

ከውጭ የሚመጣ እጅ ነውር የለውም። መርሐቤቴ ውስጥ ካርል ሃይንዝ በም የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ትምህርት ቤቶች ሠርቷል፤ ዓለም ከተማ ላይ እናት ሆስፒታል ቆሟል። ግን ግንብ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ኮምፒውተር በየሳምንቱ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ ይሞታል።

«ልጆች ዕቃውን ካገኙ ራሳቸው ይማራሉ» የሚሉም አሉ። በ2004 ዓ.ም. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌት በካርቶን ሰጥቶ ነበር፤ አስተማሪ ሳይኖር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፤ በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። አምናለሁ፤ ልጅ እንዲህ ነው። ሆኖም ካሜራ መክፈትና ኬሚስትሪ ማለፍ ይለያያሉ። እኛ ቤትም የአምስት ዓመቱ ልጅ ስልኬን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ የሚከፍተው ግን ካርቱን ነው። ለ12ኛ ክፍል የምትዘጋጅ ልጅ «ይህን አልፈሽዋል፣ ተመለሽ» የሚላት ሰው ትፈልጋለች።

የእትዬን ፍርሃትም አላቃለልኩትም። ስልክ የሚያበላሽበት መንገድ አለው፤ አላፊ አግዳሚው ይደውላል፤ ቲክቶክ ሌሊቱን ይበላል፤ ከወላጅ ርቃ በኪራይ ቤት የምትኖር ልጅ ላይ ደግሞ የሚያደባው ብዙ ነው። ስለዚህ ሳምንቱ ሲያልቅ የደወልኩት አንድ ቃል ይዤ አልነበረም።

«እትዬ፣ በጉ ለአንዷ ልጅ ብቻ አይሸጥ» አልኳቸው። «ሦስቱ ልጆች አብረው አይደለም ወይ የሚኖሩት? ሦስቱ ቤት ያዋጣና ያገለገለ ደኅና ስልክ አንድ ይገዛ። ሦስት ሲሆኑ አንዷ ሌላዋን ትጠብቃለች። ሲም ካርድ አይግባበት፤ ሚሞሪው ይበቃል። የቀረውን እኔ እሞላለሁ።»

«ይሁን» አሉ።

«ሁለተኛው ይከብዳል። ቅዳሜ ቤት ስትመጣ ሁለት ሰዓት ስጧት።»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። የደጋ ቅዳሜን አውቀዋለሁ። ውኃ አለ፤ ኩበት አለ፤ እሑድ ይዛ የምትሄደው ስንቅ ራሱ የሚዘጋጀው በእሷው እጅ ነው። ወንድሟ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳይጠይቅ ይተውለት ነበር፤ ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከበጉ ይልቅ ያ ሁለት ሰዓት ነው ያስጨነቃቸው። በመጨረሻ «ውኃውን ያ ዱርዬ ይቀዳል» አሉ፤ ታናሽ ወንድሟን ማለታቸው ነው።

ሦስተኛው የአባቷ ሥራ ነበር። እሱ የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ነው። ስልክ ማውስ አያስተምርም፤ ያ ክፍል መከፈት አለበት። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ የሦስቱን ልጆች ቤተሰቦች ጨምሮ ዘጠኝ ወላጆች ለሦስት ኮምፒውተሮች ኃላፊነት እንዲፈርሙ፣ ቁልፉም ከንብረት ክፍሉ ጋር ኅብረቱ ዘንድ እንዲቀመጥ ጠየቀ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም አለኝ። አንዱ አባት «ያላየሁትን ዕቃ ዕዳ አልፈርምም» ብሎ ወጣ። ስምንቱ ፈረሙ። ለጊዜው ሐሙስ ከሰዓት፣ መብራት ካለ፣ ሦስቱ ይከፈታሉ። መምህሩ ተማሪዎቹን በየአሥር ደቂቃው ያፈራርቃቸዋል። አሥር ደቂቃ ለአንድ ልጅ ምን ያህል ናት? ትንሽ ናት። ልጅቷ ግን ቀስቷን ማግኘት ጀምራለች።

ትናንት ማታ እትዬ እንደገና ደወሉ። አሁንም ደንግጬ አነሣሁት። በጎኔ ያለው ድምፅ ምንድነው ብዬ ስጠይቅ ልጅቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ስለ ሕዋስ የሚያስረዳ ቪዲዮ እያየች ነው አሉኝ፤ እሳቸውም ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጣሉ።

«ምን ይላል እትዬ?»

«እኔ እንጃ፣ ግማሹ ፈረንጅኛ ነው። ብቻ አንድ ነገር ገርሞኛል። እንደገና በል ስትለው እንደገና ይላል። አራተኛ ጊዜዋ ነው ይኸው፤ ሰውዬው አንድም አልተቆጣት።»